እትዬ አራት ነጥብ የጠረጠሩት ሲስተም

ከፍርድ ቤቱ ዋና በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በሁለት ትልልቅ ሱቆች መሀል እንደ ሽብልቅ የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል አለች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ይቀራል። በውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ ከጠረጴዛው እግር ጋር በሰንሰለት የታሰረ ስቴፕለር አለ። ስቴፕለሩ የታሰረው ጠፍቶ ስለሚያውቅ አይደለም። ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ነው።

የክፍሏ ባለቤት እትዬ አራት ነጥብ ናቸው። ይህን ስም ያወጣላቸው የፍርድ ቤቱ ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የችሎት ታይፒስት ሆነው ሲሠሩ፣ ዳኛ የፈረመበትን ውሳኔ እንኳ ሳይቀር "ክቡርነትዎ፣ እዚህች ጋ አራት ነጥብ ጎድላለች" ብለው ይመልሱ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጡ አልሆነላቸውምና መንገዱን ብቻ ተሻግረው ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። ባለጉዳይ እያለቀሰም እየተሳደበም ይነግራቸዋል፤ እሳቸው እንባውንና ስድቡን አጥልለው ፍሬ ነገሩን ይጽፋሉ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ክስ፣ የሰው ክህደት፣ የሰው መሐላ በጣታቸው ስር አልፏል። በስጦታ ስም ቤቱን የተነጠቀ፣ "ለምስክርነት ያህል ነው" ተብሎ ፈርሞ ዋስ ሆኖ የተገኘ፣ በገዛ ወንድሙ የተካደ፣ ያላለፈ የለም። ይህ ሁሉ ዝም ብሎ አላለፈም፤ ዝቃጩ ውስጣቸው ቀርቷል። ሰው "ደህና ዋሉ" ሲላቸው አፋቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፣ ሆዳቸው ግን "ምን ፈልጎ ይሆን?" ይላል። ለአንድ ልጃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ የመከሯት ምክር አንዲት ናት፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ልጅቱ አድጋ ነርስ ሆነች፤ አገባችም። አማችየው በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ቃላቱን እንደ እንቁላል እየመረጠ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ሲበላ ያመሰግናል፣ ሲሄድ ወንበሩን ወደ ቦታው ይመልሳል። እትዬ አራት ነጥብ ነውር ፈልገው አጡበት። ይህ ደግሞ ከነውር ሁሉ የባሰ ሆኖ ታያቸው።

"አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ተቆጥቶ ያውቃል?" ይሏታል ልጃቸውን።

"አያውቅም።"

"እና ቁጣው የት ሄዶ ነው የሚጠራቀመው?"

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የዳቦ ቤት ባለቤት የሆነች ሴት፣ ከነዱቄቷ፣ እያለከለከች መጣች። አከራይዋ ከሱቁ ልቀቂ ብሎ ከሷት ነበር፤ መልሷን ለማስገባት የቀራት ያ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ያ ቀን ካለፈባት መልስ የመስጠት መብቷ ይታለፋል። እትዬ አራት ነጥብ መልሱን ካለፈው ሳምንት ጀምረው ሦስት ገጽ አድርሰውላታል። የቀረው የውሉ ፎቶና የደብዳቤዎቹ ፎቶ ነው፤ ሴትዮዋም በፍላሽ ይዛ መጥታለች።

ፍላሹ ገባ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ተመለሰ። ሲመለስ ግን በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ትንሽ ቀስት በቅሎበታል። ቀስቱን ሲጫኑት ምንም የለም። የዳቦ ቤቷ መልስ የለም። የስምንት ዓመት ማመልከቻ፣ የአቤቱታ ናሙና፣ የውል ናሙና፣ ሁሉም ስሙ አለ፣ ሆዱ ባዶ ነው።

በአጠገባቸው ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠራ። ይህን ሰው ሰፈሩ "ፎርማት" ይለዋል፤ ምን ዓይነት ብልሽት ቢያሳዩት "ፎርማት ነው የሚያስፈልገው" ስለሚል ነው። ስልክ ሲበላሽም፣ ቴሌቪዥን ሲበላሽም እንደዚያው። አንዴ ሰው ልጁ በትምህርት እንደሰነፈበት ቢያጫውተው "ፎርማት ነው" አለ ይባላል። አሁንም ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ቫይረስ ነው እትዬ። ፎርማት ነው የሚያስፈልገው።"

"ፋይሉስ?"

"እሱ እንግዲህ ሄዷል።"

እትዬ አራት ነጥብ ፊታቸውን ከስክሪኑ አዞሩ። መሳቢያቸውን ከፍተው ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ፤ ሦስቱን ገጽ ከራሳቸው ጭንቅላት እየመዘዙ፣ በዚያ በሚያምር የችሎት እጃቸው፣ አንድ ስርዝ ሳይኖርበት ጻፉት። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መስኮቱን ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መልሱ ገባ። ሴትዮዋ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሳቸው ቀኝ እጃቸው ለሦስት ቀን ማንኪያ መያዝ አቃተው።

ቅዳሜ ዕለት አማቻቸው ልጅቱ ነግራው መጣ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አየ።

"እማዬ፣ ይሄን ሲስተም ማን ጫነልዎ?"

"ጎረቤቴ ነዋ። በየሦስት ወሩ ይመጣል። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።"

"ይሄ ኮፒ እኮ ሕጋዊ አይደለም። ቁልፉ ተሰብሮ የተከፈተ ነው። ለዚህ ነው ከኩባንያው ማሻሻያ የማይመጣለት፤ ቫይረስ እንደፈለገ የሚገባውም ለዚህ ነው።"

እትዬ አራት ነጥብ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። "ሕጋዊ አይደለም ማለት፣ የተሰረቀ ነው ማለት ነው?"

"በቀጥታ ሲነገር፣ አዎ።"

"እኔ! ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጬ! ስምንት ዓመት በተሰረቀ ዕቃ የሰው ፍትሕ ስጽፍ?" ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ "የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ በመያዝ" የሚለውን ሐረግ ስንቴ እንደጻፉት እሳቸው ያውቃሉ። አለማወቅ ሰበብ እንደማይሆንም በደንብ ያውቃሉ።

"ሁለት መንገድ አለ" አለ አማችየው። "አንዱ ሕጋዊውን መግዛት ነው። ግን ይሄ ማሽን አርጅቷል፤ አዲሱን ሲስተም አይሸከምም። ሌላው ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሲስተም ነው። ትምህርት ቤት የምናስተምርበት እሱን ነው።"

"ነፃ?"

"ነፃ።"

"ሻጩ ማነው?"

"ሻጭ የለውም። በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች አብረው ይሠሩታል። አሠራሩም የተደበቀ አይደለም፤ የፈለገ ሰው ውስጡን ከፍቶ ማየት ይችላል።"

እትዬ አራት ነጥብ ዓይናቸውን አጠበቡ። ባለቤት የሌለው፣ ዋጋ የሌለው፣ ደጁ ለሁሉ ክፍት የሆነ! እንዲህ ያለ ንብረት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት፤ እሱም አሥራ አንድ ዓመት ችሎት የተመላለሰ መሬት ነበር።

"ልጄ፣ ለምን ብለው ነው የሚሠሩት?"

"አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ ተቀጥሮ። ለራሱ ሲጠቀምበት ሌላውም ይጠቀማል።"

"ውስጡን ማንም የሚያየው ከሆነ፣ እኔ የምጽፈውንም ማንም ያየዋላ!"

"አይደለም እማዬ። የሚታየው የሲስተሙ አሠራር ነው። የቤት ንድፍ ለሰው ማሳየትና የመኝታ ቤት በር ከፍቶ መተው አንድ አይደለም።"

መልሱ ጥሩ ነበር። ጥሩ መልስ ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀ እንደሚሆን እትዬ አራት ነጥብ ከምስክሮች ተምረዋል። ቢሆንም በሌብነት ከመኖር ይሻላልና "እሺ" አሉ። ሲጭን ሙሉውን ጊዜ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ከጀርባው ቆሙ። "ሦስት ሰዓት ከሩብ፦ አንድ ነገር ጠየቀው፣ 'አዎ' አለው። ሦስት ሰዓት ከሃያ፦ እንደገና ጠየቀው፣ ሳያነብ 'አዎ' አለው" እያሉ መዘገቡ።

ሲጨርስ እንዲህ አላቸው። "ፓስወርዱን ለጊዜው ከአንድ እስከ አራት ብዬዋለሁ። እኔ ስሄድ ራስዎ ይለውጡት። ለእኔም አይንገሩኝ። ፕሪንተሩን ገና አላወቀውም፤ የሚያስፈልገውን ፈልጌ የሚመጣው ቅዳሜ መጥቼ አስተካክለዋለሁ።"

ሄደ። እትዬ አራት ነጥብ ብቻቸውን ተቀምጠው አሰቡ። ለምን ለውጡት አለ? ለምንስ "ለእኔም አይንገሩኝ" አለ? ሳልጠይቀው ከደሙ ንጹሕ መሆኑን የሚያስታውቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ስለውጠው አንድ ቦታ የሚመዘገብለት ነገር ይኖራል፤ ከሌሎች ምስጢሮቼ ጋር የሚያመሳክረው። "አልለውጥም!" አሉና፣ እንዳይረሳቸው ከአንድ እስከ አራት ያለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፉት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቸጋሪ ነበሩ። አንዳንዱ ፊደል ጣታቸው ከለመደው ቁልፍ ላይ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሰፍሯል፤ አራት ነጥብን ራሷን ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ስታመልጥ ይሳደባሉ፣ ስትገኝ ይመርቃሉ። ግን እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ፈጥኗል። ድሮ ሲከፍቱት ፊታቸውን ታጥበው እስኪመለሱ ይጠብቁት ነበር፤ አሁን ወንበር ስበው ሳይቀመጡ ይነሳል። የባለጉዳይ ፍላሽ ሲገባም ያ ቀስት የሚያበቅለው በሽታ ዝር አላለም። ይህም አሳሰባቸው። "ሌባው ቤት የማይገባው ቤቱ ውስጥ ሌላ ሌባ ስላለ ቢሆንስ?" አሉ ለዳቦ ቤቷ ባለቤት። ሴትዮዋ ምን ብላ እንደምትመልስ ጨንቋት የያዘችውን ዳቦ ሰጠቻቸው።

ማክሰኞ ዕለት ወጥመድ አጠመዱ።

አዲስ ገጽ ከፈቱና ኑዛዜ ጻፉ። የሐሰት ነው፤ ግን አጻጻፉ እንከን አልነበረበትም። "እኔ ተናዛዥ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የመኖሪያ ቤቴን ከነሙሉ ይዞታው ለወንድሜ ልጅ አውርሻለሁ፤ ልጄ ባል ስላላት አልተቸገረችም።" ፋይሉን "ኑዛዜ" ብለው ሰይመው ስክሪኑ መሀል ላይ አስቀመጡት። አማችየው በዚያ ነፃ ሲስተም ተደብቆ የሚያነብ ከሆነ ይህን አይቶ ዝም አይልም። እሱ ቢችል እንኳ ልጅቱ አትችልም፤ ፊቷ እንደ መስተዋት ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ፕሪንተሩ አሁንም አይሠራም፤ ለማሳተም ፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት መመላለስ ሰልችቷቸዋል። ቅዳሜን ጠብቆ አማችን ከመለመን ጎረቤትን መጥራት ይሻላል ብለው ፎርማትን ጠሩት። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ። ፎርማት መጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የተቀማ ሰው ኩርፊያ ነበር።

"ይሄ ምንድነው እትዬ? ይሄን ማን ይጠቀማል? የአዋቂዎች ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም። ፎርማት አርጌ የድሮውን ልመልስልዎት።"

"የተሰረቀውን?"

"ኧረ ማን ያልሰረቀ አለ!" አለና ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "እሺ፣ ከቀለሙ ይሁን ከገመዱ ለማየት ሌላ የፕሪንተር ገመድ ያምጡልኝ። ማዶ ያለው ሱቅ ይሸጣል።"

ገመዱን ገዝተው ሲመለሱ ሩብ ሰዓት አልፎ ነበር። ፎርማት ገመዱን ሰክቶ፣ ነቅሎ፣ "አልቻልኩም" ብሎ ሄደ። በስምንት ዓመት ውስጥ አልቻልኩም ሲል የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ አማችየው እንዳለው መጣ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ፕሪንተሩ ወረቀት መትፋት ጀመረ። እትዬ አራት ነጥብ ፕሪንተሩን አላዩም፤ ዓይናቸው ሰውዬው ፊት ላይ ነው። "ኑዛዜ" የሚለው ፋይል ዓይኑ ስር ተጋድሟል። ሰውዬው አንድም ጊዜ አልተመለከተውም። ሻይ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ወንበሩን መለሰ፣ ሄደ። ወይ አላነበበም፣ ወይ አንብቦ እንዲህ ፊቱን መግዛት የሚችል ሰው ነው። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ልጃቸውን የሰጡት ለአደገኛ ሰው ነው ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ባለጉዳይ አልነበረም። አግዳሚው ላይ ሳትቀመጥ ቆመች።

"እማዬ፣ ቤቱን ለአጎቴ ልጅ ነው አይደል ያወረስሽው?"

እትዬ አራት ነጥብ ከወንበራቸው ተነሱ። ፊታቸው ላይ ሐዘንም ደስታም ነበረ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "ያዝኩት! ባልሽ ነገረሽ! አነበበው!"

"የምን ባሌ?"

"ማነው ታዲያ? ይሄ ፋይል ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። የጫነው እሱ ነው!"

"ፎርማት ነው የነገረኝ!" ልጅቱ ጮኸች። "ዓርብ ዕለት ደም ግፊቱን ሊለካ ክሊኒክ መጥቶ፣ ክንዱን ጠቅልዬ እየነፋሁለት፣ 'አይዞሽ እህቴ፣ እናት ስታረጅ እንዲህ ናት፣ ቤት ምንም አይደለም፣ ዋናው ጤና ነው' አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በሆዴ ይዤ ስቃጠል ነው የሰነበትኩት። ለባሌ አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? እናቴ አንተን ጠልታ ከቤቷ ነቀለችኝ ልበለው?"

እትዬ አራት ነጥብ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሐሙስ። ገመድ። ሩብ ሰዓት። ከዚያ ዓይናቸው ስክሪኑ ጥግ ላይ ወደለጠፉት ወረቀት ሄደ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

"ኑዛዜው የውሸት ነው" አሉ፣ ልጃቸውን ሳያዩ።

"ምን?"

"ወጥመድ ነው። ለባልሽ ያጠመድኩት።"

ልጅቱ መቆጣት ከየት እንደምትጀምር ግራ የገባት ትመስል ነበር። በመጨረሻ "ወጥመድሽ የያዘው እኔን ነው" ብላ ወጣች።

እትዬ አራት ነጥብ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ክፍላቸውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ሁለቴ ጎትተው አረጋገጡና ፎርማት ደጅ ቆሙ። የተበተነ የስልክ ሆድ ላይ አቀርቅሮ አገኙት።

"ሐሙስ ዕለት ገመድ ስገዛ ምን ስትሠራ ነበር?"

"ፕሪንተሩን ነዋ እትዬ።"

"ፕሪንተሩ ከጠረጴዛው ስር ነው። አንተ ያነበብከው ከጠረጴዛው በላይ ነው።"

"ማ፣ እኔ?"

"ልጄ ክሊኒክ ምን አልካት?"

ፎርማት ቀና አለ። የሚዋሽበት ቦታ ፈልጎ አጣ። "ኧረ እትዬ፣ ፓስወርዱ እኮ ስክሪኑ ላይ እንደ ማስታወቂያ ተለጥፏል! ፋይሉ ደግሞ 'ኑዛዜ' ይላል። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? ማን ነው 'ኑዛዜ' የሚል አይቶ የማይከፍት?"

"ከዚያ በፊትስ? ስምንት ዓመት ስትመጣ?"

"ኧረ ሁሉን አላነብም። ዓይኔ ያረፈበትን ነው እንጂ። የዳቦ ቤቷን ለምሳሌ፣ ፋይሉ ሳይጠፋ በፊት ቀለም ልሞላ መጥቼ ሳየው፣ ጥሩ አድርገው ጽፈውላት ነበር፤ ያቺ የቧንቧው ጉዳይ በጣም…"

እዚህ ላይ ራሱ አፉን ያዘ። እትዬ አራት ነጥብ ግን ሰምተዋል። የቧንቧው ጉዳይ፣ አከራይዋ ውኃውን እየቆረጠ ሊያስወጣት መሞከሩን የሚያስረዳው፣ የመልሱ ዋና መከራከሪያ ነበር፤ መልሱ ፍርድ ቤት እስኪገባ ድረስ ማንም ማወቅ አልነበረበትም። ፎርማት ከአከራይዋ ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢሊያርድ ሲጫወት ስንት ጊዜ አይተውታል። ነግሮት ይሆን? "በልጄ ሞት አልነገርኩትም" ብሎ ማለ። መሐላ ደግሞ ለእትዬ አራት ነጥብ ከባዶ ወረቀት የባሰ ነገር ነው። እውነቱን አላገኙትም፤ እስከ ዛሬም አላገኙትም።

በዚያው ቀን ዳቦ ቤት ድረስ ሄደው ለሴትዮዋ ጽሑፏን ሌላ ሰው እንዳነበበው ነገሯት። ሴትዮዋ እጇን ሊጡ ውስጥ እንዳለ አቆመች። "እኔ እኮ እዚህ ሰፈር የማምነው እርስዎን ብቻ ነው፤ ማንንም ስለማያምኑ" አለቻቸው። ከስድብ ሁሉ ይህ ጎዳቸው። አንድ በር ሲጠብቁ ኖረው ሌላውን ለስምንት ዓመት ወለል አድርገው ከፍተው ነበር፤ ያውም ሰውዬውን ራሳቸው እየጠሩ፣ ሻይ እየጋበዙ።

ለአማቻቸው ነገሩን የነገሩት ራሳቸው ናቸው። በሰው እንዲሰማ አልፈለጉም። ቤቱ ሄደው፣ ሳሎን ተቀምጠው፣ የጥርጣሬያቸውን ዝርዝር ከማስታወሻ ደብተራቸው እያነበቡ፣ ሰዓቱን ሳያስቀሩ፣ ተናዘዙ። እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ሲጨርሱ "እማዬ፣ ለውጡት ብዬዎት ነበር" አለ። ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ሁለት ወር አልመጣም። ልጅቱ ትመጣለች፣ እሱ "ሥራ በዝቶበት" ይቀራል። ፎርማትን ዳግም አይጠሩት፣ አማቻቸውን በምን ዓይናቸው ይጥሩት! እንዲያ ሆኖ እትዬ አራት ነጥብ ከዚያ ሲስተም ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ፓስወርዱን ለወጡት። ምን እንዳሉት ማንም አያውቅም፤ ርዝመቱ ግን ሲጽፉት ከሚወስድባቸው ጊዜ ይገመታል። ማሽኑ አንድ ነገር ሲጠይቃቸው እያንዳንዷን መስመር፣ መዝገበ ቃላት ጎናቸው አስቀምጠው፣ ያነባሉ። አንድ ማሻሻያ ለመፍቀድ አንድ ሙሉ ጠዋት የወሰደባቸው ቀን ነበር። አንድ ጊዜ ሬጅስትራሩ በፍላሽ የላኩትን አቤቱታ መለሰባቸው። "እትዬ፣ ዛሬስ ጉድ ነው፣ የእርስዎ ጽሑፍ ተበታትኗል" አለ። ሄደው አዩት። በእሳቸው ማሽን እንደ ወታደር ሰልፍ የቆመው ጽሑፍ በፍርድ ቤቱ ማሽን ሲከፈት ፊደሉ ሌላ፣ መስመሩ የተንሻፈፈ፣ የገጹ ቁጥር ከታች ወደ መሀል የወጣ ሆኗል። በስም የሚታወቁበት ነገር ተዋረደ። "ይኸው፣ ነፃ ነገር!" አሉ ለራሳቸው። ሦስት ቀን ታግለው፣ ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርገው ከላኩት የትም ቢከፈት እንዳለ እንደሚቆይ ደረሱበት። ለሚታረም ጽሑፍ ደግሞ በሁለቱም ማሽን ላይ የሚገኝ የፊደል ቅርጽ፣ ፎንት የሚሉትን፣ መረጡ። አስተማሪ አልነበራቸውም። የነበራቸው እልህ ነው።

አንድ ነገር ግን በምንም አልሆነላቸውም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ያወጣው አዲስ ቅጽ የሚከፈተው በዚያ በሚገዛው ሲስተም ላይ ብቻ ነው። ከታች ሞከሩት፣ ከላይ ሞከሩት፣ እምቢ አለ። ስለዚህ የግብር ቅጽ የሚያስሞላ ባለጉዳይ ሲመጣ "እኔ ጋ አይሆንም፣ ሦስተኛዋ በር ሂድ" ይሉታል። ይህን ሲሉ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

አማችየው የተመለሰው የዳቦ ቤቷ ጉዳይ በተወሰነ ሰሞን ነው። ፍርድ ቤቱ ውሉ እስኪያልቅ እንድትቆይ ወሰነላት። የቧንቧውን ክርክር ተከራካሪው ወገን ተዘጋጅቶበት ነበር የመጣው፤ ዳኛው ግን በሌላ ነጥብ ፈረዱ። ሴትዮዋ አንድ ትልቅ ሣጥን ዳቦ ይዛ ቤታቸው ስትመጣ ልጅቱና ባሏም ለምሳ ነበሩ። ልጅቱ ናት ጎትታ ያመጣችው። ከምሳ በኋላ እትዬ አራት ነጥብ ፎንትን ስለማመሳሰል አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ እሱ መለሰ። እሳቸውም "እኔ በሌላ መንገድ ነው የፈታሁት" ብለው አስረዱት። ሰውዬው ሰምቶ፣ "ይሄን እኔ አላውቀውም ነበር" አለ። እትዬ አራት ነጥብ አፍጥጠው አዩት፤ እውነቱን ነው ወይስ ሊያስደስታቸው? ሊለዩት አልቻሉም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለቱም አላነሱም። ዳቦውን ግን ግማሹን ጠቅልለው ለእሱ ሰጡት።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሦስተኛዋ በር ላይ ያሉት፣ የግብር ቅጽ የሚሞሉት ጓደኛቸው፣ የእሳቸውም ማሽን በቫይረስ ተበክሎ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት መጡ።

"እስቲ ያንን ነፃውን ነገር አሳዪኝ። ይሆነኛል?"

እትዬ አራት ነጥብ ሳያጋንኑም ሳያሳንሱም ነገሯቸው። ማመልከቻ ለሚጽፍ፣ ኢሜይል ለሚልክ፣ ኢንተርኔት ለሚያነብ ይሆናል፤ ያውም አሮጌ ማሽን ላይ ይፈጥናል። መጀመሪያ የሚጭንልሽ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል። ፕሪንተርሽ ከሱ ጋር መሥራቱን አስቀድመሽ አጣሪ። አንድ ወር ጣትሽ ይሳደባል። "ለአንቺ ግን አይሆንም። ሥራሽ የግብር ቅጽ ነው፤ ቅጹ እዚህ አይከፈትም። ሕጋዊውን ግዢ፣ እንጀራሽ ነው።"

ጓደኛቸው ስክሪኑን አዩት፣ እሳቸውን አዩአቸው፣ እንደገና ስክሪኑን አዩት።

"ለእኔ አይሆንም?"

"አይሆንም።"

"ላንቺ ሆነ፣ ለእኔ አይሆንም።" ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ጠመም አደረጉ። "ገባኝ። እሺ፣ ተይው፣ ለብቻሽ ያዢው" ብለው፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ስር አድርገው፣ በሩን ሳይዘጉት ወጡ።